ከቡሬ የመጣው ጸጥታ

«ለአንድ ሕመምተኛ ብዬ ማሽን አላጠፋም» ሲል ንግሥቴ በገዛ ጆሮዋ ሰማችው። የተናገረው ራሷ የወለደችው ናሁሰናይ ነው። የተናገረውም እሷ ጭቃውን በእጇ በመረገችው ክፍል ውስጥ ቆሞ ነው። ሕመምተኛዋ ደግሞ ከቺፕውዱ ግድግዳ ማዶ የተኛችው የንግሥቴ ታናሽ እህት፣ የእሱ አክስት ያምሮት ናት። ንግሥቴ ያምሮት ያልነካችውን የአጃ ሾርባ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልጇ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ለሚስቱ ለሠርክአዲስ ነው የሚናገረው፤ መናገር ከተባለ። በዚያ ክፍል ሳይጮህ የሚናገር ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠው ኮምፒውተር እንደ ናፍጣ ወፍጮ ያጓራል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው ሁሉ የድንበር ክርክሩን፣ የፍቺውን፣ የጡረታውን ጉዳይ እየጮኸ ነው የሚያስጽፈው፤ የጋሪ ነጂዎቹ እንኳ የፍኖተ ሰላምን ሰው ጉዳይ ከዳኛው ቀድመው ያውቁታል። ማሽኑ ግን ጀርባውን ከቺፕውዱ ጋር አጣብቆ ነው የተቀመጠው፤ የያምሮት ራስጌ ደግሞ በዚያው ቺፕውድ ማዶ ነው። እሷ የምትሰማው ጉርምርምታ እንጂ ቃል አይደለም።

ያምሮት ከደምበጫ ገጠር በጥቅምት ነበር በሰው ትከሻ ተደግፋ የመጣችው። ሐኪሞቹ አዩዋት፣ ፎቶ አነሷት፣ ናሁሰናይን ወደ ጎን ጠርተው «ከቤታችሁ አስታሟት» አሉት። ለእሷ «ጨጓራ ነው» ተባለ። እሷም ጨጓራ ነው ብላ ተኛች፤ ወይም ያመነች መሰለች። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበራት፣ ምስክር። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወርዶ ወባ ጣለው፤ እዚያው ቀበሩት። ወሬው በስልክ የመጣ ዕለት ንግሥቴ ዘመዱን ሁሉ ሰብስባ «አንድ ሰው ሁለት ሞት አይሸከምም» አለች። የንስሐ አባታቸውም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መርዶው ቀረ። ንግሥቴ ፊደል ባትቆጥርም ቃሏ በዚያ ዘመድ ውስጥ ማኅተም ነው። እነሆ ያምሮት ልጇ ለጥምቀት እንደሚመጣ ተነግሯት፣ ነጠላዋን አሳጥባ ከራስጌዋ ምስማር ላይ አሰቅላ ትጠብቃለች። ስልክ ለምን እንደማይደውል ስትጠይቅ «ቆላው ኔትወርክ የለውም» ይሏታል።

«የቀበሌው ዝርዝር ነገ ነው የሚፈለገው» እያለ ነበር ናሁሰናይ፣ «የአንድ ለአምስቱ ስም ገና ሁለት ጎጥ ይቀረኛል። ደግሞ ጋሼ ዳኘው የምስክርን ፎ...» ሲል መብራት ሄደ። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። ናሁሰናይም ቃሉን ከመሐል ነክሶ አስቀረው፤ ሠርክአዲስ በከንፈሯ ወደ ቺፕውዱ ጠቆመች። ይህ ማንም ያላወጀው የዚያ ቤት ሕግ ነው። ስክሪኑ ሲበራ የምስክር ነገር ይወራል፤ መብራት ሲጠፋ አፍ ይዘጋል። ካስፈለገም ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ከኤሌክትሪኩ ምሰሶ ሥር ይንሾካሾካል።

«እትየ፣ ወፍጮው ቆመ?» አለች ያምሮት ከማዶ።

«ቆመ የኔ ዓለም። መብራት ሄደ።»

«እስኪመጣ ጥቂት ልተኛ እንግዲህ። ትንሽ እንቅልፍ ባገኝ ለጥምቀት እነሳ ነበር። ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳያገኘኝ።»

ንግሥቴ ሾርባውን መሬት አስቀምጣ ወደ ልጇ ዞረች። ከማሽኑ ጋር ሲጮህ የኖረ አፏ አሁን በቀስታ ሲናገር የበለጠ ያስፈራል። ይህ ነገር ጸጥ የሚልበት መላ የለውም ወይ አለችው። ፋኑ ነው፣ አርጅቷል አላት፤ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፋኑ ያበርደዋል፣ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚያጓራው፤ የተሻለ ቡሬ ይገኛል፣ የቀበሌው ሥራ ካለቀ በኋላ ያየዋል።

«ከቀብር በኋላ በለኛ» አለችው።

ናሁሰናይ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። የዚያ ቤት ወንዶች መልስ ሲያጡ ጣሪያ ያያሉ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር። ሠርክአዲስ ግን መጥረጊያውን ይዛ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ጩኸቱ እኮ አንዳንዴ...»

«አንዳንዴ ምን? ሥራ ፈትተሽ መዋልሽን ይሸፍንልሻል?»

ሠርክአዲስ ያሰበችውን ዋጠችው። ምራት አማቷ ላይ ቃል አትጨምርም፤ ያውም እንዲህ ባለች አማት ላይ። ንግሥቴ የመብራቱ ፈረቃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይመለስ ታውቃለች፤ ያን ጊዜ ሁሉ የሞተ ማሽን ታቅፎ መዋል ምን ይሠራል? ገመዶቹን አስነቀለችው፣ ሳጥኑን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለለችው፣ ባጃጅ አስጠራች።

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና «እማማ፣ ቴሌቪዥኑን ከላይ ልጫነው» አላት። ከላይ የበርበሬ ጆንያ ተቆልሏል። «ቴሌቪዥን አባትህ አይቶ ያውቃል?» አለችውና በጭኗ ታቅፋው ገባች። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው እያነጠሰ፣ ምን እንደያዘች በአክብሮት ጠየቃት። «ልጅ ነው፤ ጉሮሮው ታሞ ሐኪም ላሳየው ነው» አለች፤ ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማንኩሳን እስኪያልፉ የሳጥኑ ጠርዝ ጭኗን ቆረጠው፤ ከዚያ ወዲያ እግሯ ደነዘዘና ተገላገለችው። በመስኮቱ የታጨደው ማሳ፣ የተከመረው ጤፍ፣ የሚወቃው ሁሉ ያልፋል። ምስክር ወደ ቆላው የወረደው እርሻ ጠልቶ አልነበረም። የአባቱ መሬት ለአንድ ጥማድ በሬ እንኳ ጠበበው፣ ቀበሌውም «ለወጣት የሚሰጥ መሬት የለም፣ ተደራጁ» አለው፤ ተደራጅቶ ምን እንደሚሆን ሳይገባው ወደ ሰሊጡ ወረደ። ንግሥቴ ይህን አታስብም፤ አስባ ጨርሳዋለች።

የኢርፋን ሱቅ ከቡሬ መናኸሪያ ጀርባ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንጀታቸው የወጣ ሞባይሎች፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ የማሽን ሆድ ዕቃዎች። እናቱን ኡምሀኒን ንግሥቴ ከበርበሬ ገበያ ታውቃታለች፤ በሚዛን ማጭበርበር ሲሰዳደቡ ኖረው ያልተጋቡ ዘመድ ሆነዋል። ልጁ ብድግ ብሎ ሳጥኑን ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ሰላምታውን በቅጡ አደረሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የምስክርን ሰማን እማማ። አላህ ያጽናችሁ» አላት።

«ቀስ በል» አለችው፤ ዞር ብላም ከኋላዋ አየች። ያምሮት በመኪና መንገድ ርቃ የቀረች መሆኗ ትዝ ሲላት አፈረች፤ ሲያፍሩ መቆጣት ልማዷ ነውና «አንተ ይልቅ ይህን ክፈተው» ብላ ሳጥኑን በእግሯ ገፋችው።

ኢርፋን ጎኑን ፈታና አዘነበለው። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ አሮጌ ደበሎ ተላቀቀ። ከሥሩ ፕሮሰሰሩ ብቅ አለ፤ ጥፍር አክሎ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጣ ነገር፤ ላዩ ላይ የነበረው ቅባት ደርቆ እንደ ጠመኔ ሆኗል። «የምታስበው ይህች ናት፤ ስታስብ ትግላለች» አላት።

«ማሰብ እንዲህ የሚያግል ከሆነ ልጄ በዕድሜው አልጋለም» አለች ንግሥቴ።

ሦስት ዓይነት ማራገቢያ አወጣላት። ንግሥቴ የሚጮኸውን ቴፕ አስዘጋችው፣ የሱቁን በር አስገጠመችው፤ ውጭ ሞባይል ሊያሠሩ የቆሙት ሰዎች ምን ዓይነት ባልቴት ናት ተባባሉ። የፊተኛው ከአሮጌው ጋር መንታ ነው፣ አዲስ ብቻ ነው። ሲነሣ ጸጥ አለ፤ ኢርፋን «አሁን ሥራ ላብዛበት» ብሎ የሆነ ነገር ሲያዝዘው ግን ትንሿ ማራገቢያ ሩጫ ጀመረች፣ ድምፅዋም ከሩጫዋ ጋር ወጣ። ንግሥቴ እጇን አወዛወዘች። «ዛሬ ሙሽራ ናት፤ ዓመት ሳይሞላት የድሮዋን ትሆናለች። አንሣት።» ሁለተኛው ስስ ነው፤ ሲዞር ጆሮዋን እስከ ብረቱ ብታስጠጋም የሚሰማ የለም። ልቧ ወደደው፣ እጇም ወደ መቀነቷ ሄደ። ኢርፋን ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የሙቀቱን ቁጥር እያየ ምላሱን ይመታል። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ዝም ያለው ሥራውን ስለማይሠራ ነው» አላት።

«እንዲህ ያለ ዝምታማ ሬሳም አለው» አለችና እጇን ከመቀነቷ መለሰች።

ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ተቃጥሎ ከመጣ ማሽን ላይ የተፈታ ነው። ጡብ ያክላል። ከሥሩ የመዳብ ቱቦዎች ወጥተው ስስ ብረቶች ውስጥ ይገባሉ፤ ከጎኑ የመዳፍ ስፋት ያለው ማራገቢያ አለ። ኢርፋን የደረቀውን ቅባት በጨርቅ ጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ነጭ ቅባት ጠብ አደረገ፣ ጡቡን ጫነበት፣ አሠረው። ማራገቢያው ሲዞር በዓይን ይቆጠራል። ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ዞሮ የሚሰጠውን ነፋስ ትንሹ ለመስጠት መሮጥ አለበት፣ ሲሮጥ ይጮኻል ብሎ አስረዳት፤ እሱንስ በሰውም አይተነዋል አለችው። ሥራ አበዛበት። ቁጥሩ ትንሽ ወጣና ቆመ። ንግሥቴ ቁጥር ስለማታነብ መዳፏን ነፋሱ በሚወጣበት በኩል ዘረጋች፤ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ይመስል ለብ ያለ አየር ነካት። ጆሮዋን ደቀነች። አንዳች የለም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ኢርፋን አንቀላፋች ብሎ ሠጋ።

«ይህ ነው» አለች።

አንድ ችግር እንዳለ ነገራት። ቁመቱ ረዝሞ የሳጥኑ ክዳን አይገጥምም፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ ይኖራል። አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ ስትል ከሸፈኑትማ ይታፈናል አላት። «ክፍቱን ይኖራላ» አለች፤ ለእህቷ እንቅልፍ የሳጥን ጎን ምኗ ነው። ዋጋው አራት መቶ ብር ነው አላት፤ የእናቱን ሚዛን አስታውሳ ሦስት መቶ ሃምሳ ከፈለችው። ሲሸኛት «ያምሮትን እግዜር ይማርልዎ» አላት። ሳጥኑን በጋቢው ጠቅልላ ታቅፋው ወጣች።

ፍኖተ ሰላም ስትደርስ መብራት መጥቷል። ናሁሰናይ ገመዶቹን ሰካካ፣ ሳጥኑን እዚያው ቺፕውዱ ሥር አስቀመጠ፣ ማስነሻውን ተጫነ። ስክሪኑ በራ። የሰማው ነገር ስላልነበረ አጎንብሶ በእጁ ዳሰሰው፤ ይዞራል። ቀና ብሎ እናቱን አየ፣ ሊያመሰግን ይሁን ይቅርታ ሊል አልለየለትም፤ እሷም አላገዘችውም። «ጻፍ፣ የቀበሌህን ስም ጻፍ» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ያምሮት አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች። የውሸት እንቅልፍ አይደለም፤ ግንባሯ ላይ ለወራት የተቋጠረው ነገር ተፈትቷል፤ ልጅነቷ መጥቶባታል። ንግሥቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ ስታባርር ቆየች። ከፊት ለፊቱ ክፍል የናሁሰናይ ጣት ፊደል ሲመታ ይሰማል፤ ይህን ድምፅ በዚያ ቤት ሰምታው አታውቅም። በቆሎ ሲፈለፈል ይመስላል። እሷም ሳታስበው ራሷን ቺፕውዱ ላይ አስደግፋ አሸለበች። ለሁለቱም እህትማማቾች የዚያ ወር ጥሩው ሰዓት ይህ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የምስክር አጎት፣ የሟች አባቱ ወንድም ዳኘው ከደምበጫ መጣ። በትሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። የመጣው የምስክርን ፎቶ ትልቅ አስደርጎ ለመውሰድ ነው፤ አርባው ከጥምቀት ማግስት ይውላል፣ ተዝካሩ ላይ የሚቆም ፊት ያስፈልጋል። ናሁሰናይ ፎቶውን ከፈተው። ምስክር በትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ስክሪኑን ሞላው። ዳኘው ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ንግሥቴ ከጓዳ ወጥታ ከጎኑ ቆመች።

ስክሪኑ በርቷል። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። ወራት ሙሉ ያ መስታወት ሲበራ ወፍጮው ያጓራ ነበር፣ ወፍጮው ሲያጓራ አፍ ይፈታ ነበር፤ ልቧ ጸጥታውን ገዝቶ ሲያመጣ አፏ ገና አልሰማም። እንደ ልማዷ አንገቷን ቀና፣ ደረቷን ሞላ አደረገችና በወፍጮ ቤት ድምፅ ጀመረች።

«ስማኝ ዳኘው፣ የምስክርን ተዝካር እዚያው አገር ቤት አውጡ። ቀብሩ በማይታወቅ አገር ሆኖ ቢቀር፣ ተዝካሩ እንኳ በአባቱ ደብር ይሁን። ሰው ወደዚህ እንዳትልኩብኝ። ልጇ አፈር ከገባ ወር አልፎት እሷ ነጠላ አሳጥባ ትጠብቀዋለች፤ ሳታውቅ ትሙት ብያለሁ፣ ሳታውቅ ትሞታለች።»

እንደ ወትሮው እየጮኸ የመለሰላት የለም። ዳኘው ባርኔጣውን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀረ። ከበሩ ላይ ሠርክአዲስ የያዘችው የውሃ ጆግ ያዘነብላል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ አታየውም። ያኔ ንግሥቴ ቆርቆሮው ላይ የሚሄዱትን የወፎች ጥፍር ሰማች። ከመንገዱ የጋሪው ቃጭል ሰማች። የገዛ ድምፅዋ ከግድግዳው ወደ እሷ ሲመለስ ሰማችው። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። ጎኑ ክፍት ነውና ማራገቢያው ይታያል፤ ቀስ እያለ፣ በዓይን እየተቆጠረ ይዞራል። ከቺፕውዱ ማዶ አልጋው ሲጢጥ አለ።

ስትገባ ያምሮት ተቀምጣለች። ካለ ሰው እጅ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ እንዴት እንደተነሣች እግዜር ይወቅ። ለጥምቀት የታጠበውን ነጠላ ከምስማሩ አውርዳ ለብሳዋለች። አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ጥለቱ ከታች አይደለም፤ እንደ ሐዘንተኛ ሁሉ አንገቷ ሥር ነው።

«እትየ።»

«ወይ» አለች ንግሥቴ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

«በደንብ ተኛሁ ዛሬ።»

ንግሥቴ በሩን ተደግፋ ቆመች። ያምሮት ቺፕውዱን ትመለከታለች፤ ከማዶው የልጇ ፊት መብራት ውስጥ እንደቆመ ታውቅ ይመስል።

«የት ቀበሩት?»

«መተማ።»

«ማን አለቀሰለት?»

ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የተማከረው ሁሉ እንዴት እንደሚደበቅ እንጂ ማን እንደሚያለቅስ አልተማከረም። ወሬው የመጣ ዕለት ዘመዱ በየጓዳው አፉን በነጠላ አፍኖ ነው ያለቀሰው፤ ያም ለቅሶ ከተባለ። ንግሥቴ ራሷ፣ በየቀብሩ ሙሾ አውጪ እየተባለች የምትጠራዋ፣ ለእህቷ ልጅ አንድ ግጥም አላወረደችም። አቀረቀረች። ያምሮትም መልሱን ከማቀርቀሯ ወሰደችው።

«እኔ ድምፅ የለኝም እትየ» አለች። «አንቺ አለሽ። አልቅሺልኝ።»

ንግሥቴ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ ዞር አድርጋ ጥለቱን ወደ ላይ አወጣች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ራስ ወደ ደረቷ ሳበች። የመጀመሪያው ጩኸት ሲወጣ ደረቷን ቀዶ የወጣ ይመስል ነበር። ሁለተኛው «ምስክሬ» አለ። ከዚያ ወዲያ ግጥሙ ራሱ መጣ፤ የወባውን አገር፣ የሰሊጡን ማሳ፣ ያለ እናት የተሞላውን ጉድጓድ እየጠራ ቆርቆሮውን አልፎ ወጣ። ዳኘው መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሪዎቹ ቆሙ፤ ከየበሩ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ይመጡ ጀመር፤ ሠርክአዲስ ደረቷን እየደቃች ጓዳ ገባች። ያምሮት ብቻ አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና የእህቷን ድምፅ ታዳምጣለች።

ናሁሰናይ ከፊት ለፊቱ ክፍል ብቻውን ቀርቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ጥቂት አየ፣ ያልተጻፈውን የቀበሌ ስም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሽኑን አጠፋው። መጥፋቱን የሰማ የለም።